ጉባኤው ራሱ ምን ያስተምራል? የተማሪዎች ጉባኤ ለሥነ ምግባርና ለአመራር ትምህርት ያለው ፋይዳ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

አጭር መግለጫ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለጥቂት ቀናት ሰብስቦ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ አመራር ማወያየት በብዙ አገሮች የተለመደ የማስተማሪያ ዘዴ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ የታተሙ ጥናቶችን፣ በሰፊው የሚታወቁ አራት የጉባኤ ዓይነቶችንና አንድ የትምህርት ቤት ሸንጎን በማነጻጸር፣ እንዲህ ያለው ጉባኤ በእርግጥ የሚያስተምረው መቼ እንደሆነ ይመረምራል። ዋና ሐሳቡ፣ ተማሪው ከጉባኤ ይዞ የሚሄደው በመሪ ቃሉ የተጻፈውን እሴት ሳይሆን የጉባኤው ደንብ የሚሸልመውን ጠባይ ነው የሚል ነው። ከዚህ በመነሣት በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያሉት የተማሪዎች ፓርላማዎችና ክበባት ለዚህ ዓላማ እንዴት ሊያገለግሉ እንደሚችሉ፣ የፈተና ኩረጃን በምሳሌነት በመውሰድ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሥነ ምግባር፣ አመራር፣ የተማሪዎች ጉባኤ፣ ስውር ሥርዓተ ትምህርት፣ ኩረጃ

መግቢያ

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ለበርካታ ዓመታት በአሥራ አንድ እሴቶች ላይ ተዋቅሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎና ዕውቀትን መሻት በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የየራሳቸው ምዕራፍ ነበራቸው። ተማሪው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ደጋግሞ ተምሯቸዋል፤ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም ተጠይቆባቸዋል። ይኸው ፈተና ግን በግንቦት 2008 ዓ.ም. አስቀድሞ በመሰራጨቱ ተቋርጦ በሌላ ጊዜ እንደገና እንዲሰጥ ግድ ሆነ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ደግሞ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ውስጥ እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡትም ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ሆኑ። ለዚህ ውጤት የመምህራን ዝግጅት፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ ወረርሽኙና ጦርነቱ ያስከተሉት መስተጓጎል ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ ይኖራቸዋል። ሆኖም አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም፤ ስለ ሐቀኝነትና ስለ ኃላፊነት ለሚቀርብ ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጥ ተማሪ፣ ያንኑ መልስ ከጓደኛው ወረቀት ገልብጦት ሊሆን ይችላል።

በማወቅና በማድረግ መካከል ያለው ይህ ክፍተት በአንድ አገርና በአንድ ዘመን ብቻ የታየ አይደለም። ክፍተቱን ለመሙላት ከሚቀርቡት አማራጮች አንዱ የተማሪዎች ጉባኤ ነው። ጉባኤ ሲባል በዚህ ጽሑፍ፣ ከልዩ ልዩ ክፍሎች ወይም ትምህርት ቤቶች የተውጣጡ ተማሪዎች አስቀድሞ በተወሰነ ጉዳይ ላይ ለመነጋገር ለአንድ ወይም ለጥቂት ቀናት የሚሰበሰቡበትን ሥርዓት ያመለክታል። የጉባኤ ደጋፊዎች ተማሪው ከሰሚነት ወጥቶ ተናጋሪና ወሳኝ ይሆናል ይላሉ። ተቺዎች በበኩላቸው ጉባኤ የጥቂት አንደበተ ርቱዓን መድረክ ነው፣ ከፎቶግራፍና ከምስክር ወረቀት የዘለለ ነገር አያተርፍም ሲሉ ይሞግታሉ። ሁለቱም ወገኖች በከፊል ትክክል የሚሆኑት ጉባኤ አንድ ዓይነት ብቻ ስላልሆነ ነው።

ስለዚህ ጽሑፉ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል። ሥነ ምግባርን ስለ ማስተማር የተካሄዱ ጥናቶች ለጉባኤ አዘጋጅ ምን ይነግሩታል? የታወቁት የጉባኤ ዓይነቶች በደንባቸው አማካይነት የትኛውን ጠባይ ያበረታታሉ? ከእነዚህስ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሚበጀው የቱ ነው? ጥያቄዎቹ የሚመረመሩት አዲስ የመስክ መረጃ በመሰብሰብ ሳይሆን፣ የታተሙ ሥራዎችንና በይፋ የሚታወቁ የጉባኤ ደንቦችን በማነጻጸር ነው።

ማወቅና ማድረግ

ሥነ ምግባርን በቃል ማስተማር ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ በስፋት ከመረመሩት ቀደምት ጥናቶች አንዱ ሂዩ ሃርትስሆርንና ማርክ ሜይ በአሜሪካ ያካሄዱት ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1930 በሦስት ቅጾች ታትሟል። አጥኚዎቹ ከ8 እስከ 16 ዓመት የሚሆናቸውን ወደ 11,000 የሚጠጉ ልጆች ስለ ሐቀኝነት ምን እንደሚያስቡ በመጠየቅ ብቻ አልተወሰኑም፤ ለማጭበርበርና ለመዋሸት የሚያመቹ ሁኔታዎችን አዘጋጅተው ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ተመለከቱ። ትክክለኛውን በማወቅና ትክክለኛውን በማድረግ መካከል ያገኙት ዝምድና ደካማ ነበር። በአንድ ሁኔታ ሐቀኛ የሆነ ልጅ በሌላው ያጭበረብራል። በአንጻሩ የልጁ ጠባይ ከክፍሉ መንፈስና ከጓደኞቹ ልማድ ጋር ጉልህ ግንኙነት ነበረው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለጉባኤ ጉዳይ መሠረታዊ ነው፤ ሐቀኝነት የግለሰብ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የቡድን ልማድም መሆኑን ያመለክታልና።

ሎውረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1958 ካቀረበው የዶክትሬት ጥናት ጀምሮ የሞራል ፍርድ በደረጃ እንደሚያድግ ተከራክሯል። ከሞሼ ብላት ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው ጥናት ደግሞ፣ ተማሪዎች በአጣብቂኝ ታሪኮች ላይ ለሳምንታት ሲወያዩና ከራሳቸው ጥቂት ከፍ ያለ አስተሳሰብ ሲገጥማቸው፣ የፍርድ ችሎታቸው ሊያድግ እንደሚችል አሳየ። መምህሩ ትክክለኛውን መልስ አይነግርም፤ «ለምን?» እያለ ይጠይቃል፣ የሚቃረኑ ሐሳቦችንም ያገናኛል። የጉባኤ ሥርዓት ከንግግር ይልቅ ውይይትን ማዕከል ማድረግ አለበት የሚለው ሐሳብ ጠንካራ መሠረቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው።

ይሁን እንጂ መፍረድ ብቻውን በቂ አይደለም። የኮልበርግን ፈለግ የተከተለው ጄምስ ሬስት አንድ ሥነ ምግባራዊ ድርጊት እንዲፈጸም አራት ነገሮች መሟላት እንዳለባቸው አስረድቷል። ሰውየው ጉዳዩ የሥነ ምግባር ጉዳይ መሆኑን ማስተዋል፣ ትክክለኛውን መለየት፣ ትክክለኛውን ከሌሎች ጥቅሞቹ ማስቀደም፣ በመጨረሻም ያሰበውን እስከ ፍጻሜው ለማድረስ ጽናት ሊኖረው ይገባል። ኩረጃ ስሕተት መሆኑን ተማሪው ያውቃል፤ በሁለተኛው ላይ ችግር የለበትም። የሚወድቀው በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ ነው። ጓደኛው መልስ ሲጠይቀው ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ሌሎቹ ሁሉ ሲኮርጁ እርሱ ብቻ ተጎድቶ የሚቀር ይመስለዋል።

ሬስት ከአንድሬ ሽሌፍሊና ከስቲቨን ቶማ ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው ጥምር ትንተና ለጉባኤ አዘጋጆች የበለጠ ቀጥተኛ ማስጠንቀቂያ ይዟል። በ55 ጥናቶች ላይ የተመሠረተው ይህ ትንተና የአጣብቂኝ ውይይት መጠነኛ ውጤት እንዳለው አረጋግጧል፤ ነገር ግን ከሦስት ሳምንት ያነሱ ፕሮግራሞች ይህን ለውጥ እንደማያመጡ፣ ተመራጩ ጊዜም ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት እንደሆነ አመልክቷል። የሁለት ወይም የሦስት ቀን ጉባኤ ብቻውን ቆሞ ሲታይ ከዚህ ልክ በታች ነው። ጉባኤ ሊያስተምር የሚችለው የረዘመ ሥራ መካከለኛ ምዕራፍ ሲሆን እንጂ መጀመሪያውም መጨረሻውም ራሱ ሲሆን አይደለም።

የአመራር ጥናትም ከዚህ የተለየ መንገድ አልሄደም። ጄምስ ማክግሬገር በርንስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው የአመራር መጽሐፍ የኮልበርግን ሐሳብ በመንተራስ፣ መሪነትን ከሥልጣን መያዝ ለይቶ ተመልክቷል። በእርሱ አገላለጽ ለዋጭ መሪነት መሪውንም ተከታዩንም ወደ ላቀ የሞራል ደረጃ የሚያደርስ ግንኙነት ነው። በዚህ መሠረት ሥነ ምግባርና አመራር በአንድ ጉባኤ ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ርእሶች አይሆኑም። አመራርን ለብቻው፣ እንደ ንግግርና እንደ ማሳመን ጥበብ የሚያስተምር ጉባኤ ገና ግማሹን ትምህርት አልጀመረም።

አራት የጉባኤ ዓይነቶችና የሚሸልሙት ጠባይ

ፊሊፕ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ «ስውር ሥርዓተ ትምህርት» የሚለውን ሐሳብ አስተዋውቋል። ተማሪው ከሚነገረው ትምህርት ጎን ለጎን ተራ መጠበቅን፣ መታየትን፣ ሥልጣን ያለውን ማስደሰትን ከክፍሉ ሥርዓት ይማራል። ጉባኤም የራሱ ስውር ሥርዓተ ትምህርት አለው። ማን እንደሚመረጥ፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን እንደሚሸለም የሚወስነው ደንብ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ጮክ ብሎ ያስተምራል።

የመጀመሪያው ዓይነት የአነቃቂ ስብሰባ ነው። ተዋናዩ ሂዩ ኦብራያን እ.ኤ.አ. በ1958 በጋቦን ላምባሬኔ አልበርት ሽቫይጸርን ጎብኝቶ ሲመለስ በስሙ የሚጠራውን የወጣቶች አመራር ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለጥቂት ቀናት ሰብስቦ ከልዩ ልዩ ሙያ ሰዎች ጋር ያገናኛል። ይህ ዓይነት ጉባኤ ስሜትን ያነቃቃል፣ አርአያን ያሳያል። ድክመቱ መነቃቃቱ በሳምንታት ውስጥ ሊበርድ መቻሉ ነው። ድርጅቱ ግን ተሳታፊዎቹ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ በዓመት ውስጥ 100 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እንዲሰጡ ይጠይቃል። ከንግግሮቹ ይልቅ ለጥናት የሚስበው ይህ አሠራር ነው፤ ጉባኤው በመዝጊያው ዕለት እንደማያበቃ ተማሪው አስቀድሞ ያውቃል።

ሁለተኛው ዓይነት የመንግሥት አምሳያ ነው። የአሜሪካ ሌጂዮን የተባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 በኢሊኖይ የጀመረው «ቦይስ ስቴት» ወንዶች ተማሪዎችን በሁለት ፓርቲዎች ከፍሎ ምርጫ እንዲያካሂዱ፣ ሕግ እንዲያወጡና አስተዳዳሪ እንዲሾሙ ያደርጋል። የልጃገረዶቹ አቻ እ.ኤ.አ. በ1937 ተከትሏል። የኋላው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1963 ከጆን ኬኔዲ ጋር የተጨባበጠው የዚሁ ፕሮግራም የብሔራዊ ደረጃ ተሳታፊ ሆኖ ነበር። ፕሮግራሙ የምርጫን አሠራር፣ የድርጅትን ጉልበትና የንግግርን ኃይል በእርግጥ ያስተምራል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የቴክሳስን ጉባኤ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም፣ አንድ ተወዳዳሪ በመድረክ ላይ በጽንስ ማቋረጥ ጉዳይ የያዘው አቋም የራሱ እምነት አለመሆኑን፣ የያዘውም ድምፅ ለማግኘት እንደሆነ በግልጽ ሲናገር አሳይቷል። ወጣቱን ብቻ መውቀስ ነገሩን ማሳነስ ይሆናል። ደንቡ አሸናፊነትን በድምፅ ብዛት ብቻ ስለሚለካ፣ ተማሪው የተማረው ደንቡ ያስተማረውን ነው።

ሦስተኛው ዓይነት የተባበሩት መንግሥታት አምሳያ ጉባኤ ነው። ሥሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ወደ ነበሩት የመንግሥታት ማኅበር አምሳያዎች ይደርሳል፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። ተማሪው የራሱን ያልሆነ አገር ይወክላል፤ ስለዚህ ከራሱ ወገን ውጭ ቆሞ ማሰብን ይለማመዳል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል ያላመነበትን አቋም በብቃት መከላከል ያስመሰግነዋል። በዚህ ዓይነት ጉባኤ ውስጥ ሁለት ልማዶች ጎን ለጎን መኖራቸው ለዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ጥሩ ማስረጃ ነው። በብዙዎቹ ጉባኤያት ምርጥ ተወካይ ተብሎ የሚሸለም ተማሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው የሄግ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ግን ለተወካዮች ሽልማት አይሰጥም። ርእሱ አንድ፣ የውሳኔ ሐሳብ አረቃቀቁ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው ሥርዓት የሌላውን ተወካይ ሐሳብ ማሻሻል ተፎካካሪን ማጠናከር ሊመስል ይችላል፤ በሁለተኛው ግን የጋራ ሥራን ማቃናት ነው።

አራተኛው ዓይነት «ኤቲክስ ቦውል» በመባል የሚታወቀው የሥነ ምግባር ውድድር ነው። ሮበርት ላደንሰን እ.ኤ.አ. በ1993 በኢሊኖይ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጀመረው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብሔራዊ ውድድር ደግሞ መቀመጫውን በቻፕል ሂል በሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አድርጎ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ቡድኖች ጉዳዮቹን አስቀድመው ይቀበላሉ፤ በዕለቱ አንዱ ቡድን አቋሙን ከነምክንያቱ ያቀርባል፤ ሌላው አስተያየት ይሰጣል፤ ዳኞች ይጠይቃሉ። ከተለመደው ክርክር የሚለየው ዋናው ነገር ሁለቱ ቡድኖች ተቃራኒ አቋም እንዲይዙ የማይገደዱ መሆናቸው ነው። መስማማት ይችላሉ፤ በሌላው ወገን የተነሣውን ጠንካራ ነጥብ መቀበልም ነጥብ አያስቀንስም። በአክብሮት መነጋገር ራሱን የቻለ የዳኝነት መስፈርት ነው። እዚህ ላይ «ተሳስቻለሁ፤ ይህን አላሰብኩትም» ማለት የሽንፈት ምልክት መሆኑ ያከትማል።

አራቱ ሲነጻጸሩ አንዱ ሙሉ በሙሉ መልካም፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ከንቱ ነው የሚያሰኝ ነገር የለም። የመጀመሪያው ፍላጎትን ያነሣሣል፣ ሁለተኛው የሥልጣንን አሠራር ያሳያል፣ ሦስተኛው ከሌላው ወገን ማየትን ያለማምዳል፣ አራተኛው ምክንያት መስጠትንና ማድመጥን ያስተምራል። አዘጋጁ መምረጥ ያለበት ግን ስሙን ሳይሆን የሚፈልገውን ጠባይ የሚሸልመውን ደንብ ነው።

ውሳኔው እውነተኛ ሲሆን

አራቱም ዓይነቶች አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው። በጉባኤው የሚወሰነው ነገር ከጉባኤው አዳራሽ ውጭ አይጸናም። ኮልበርግ ራሱ ይህን ጉድለት በመገንዘብ ከአጣብቂኝ ታሪኮች ወደ ትምህርት ቤት አስተዳደር ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1974 በማሳቹሴትስ ካምብሪጅ በተከፈተው «ክላስተር ስኩል» መምህራንና ተማሪዎች በየሳምንቱ በአንድ ሸንጎ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው እኩል አንድ ድምፅ በመስጠት የትምህርት ቤቱን ደንብ ይወስኑ ነበር።

ከዚህ ትምህርት ቤት በሥነ ጽሑፉ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ከአንዲት ተማሪ ቦርሳ ዘጠኝ ዶላር የተሰረቀበት ጊዜ ነው። የሸንጎው ክርክር «ሌባው ማን ነው?» ከሚለው ወደ «ይህ የማን ጉዳይ ነው?» ወደሚለው ተሻገረ። በመጨረሻም ገንዘቡ ካልተመለሰ እያንዳንዱ አባል 15 ሳንቲም አዋጥቶ ለተማሪዋ እንዲተካ ተወሰነ። አጥኚዎቹ ስርቆት ከዚያ በኋላ መቆሙን ጽፈዋል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ውሳኔው ግን ለሁሉም ዋጋ ነበረው። ሃርትስሆርንና ሜይ የቡድን ልማድ ያሉት ነገር በዚህ ሸንጎ ውስጥ በተማሪዎቹ በራሳቸው እጅ ተለወጠ።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይሆንም። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በስምንት ዓመት ይዘዋወራል፤ ወጣቱም የሥልጣን ተራው እስኪደርስ የዕድሜ እርከኖችን እያለፈ በየእርከኑ ለተመደበለት ኃላፊነት ይዘጋጃል። በአብነት ትምህርት ቤትም ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፤ ዕውቀቱ የሚለካው ሌላውን በማገዙም ነው። በሁለቱም ዘንድ መሪነት ከዕውነተኛ ኃላፊነት ጋርና በረዥም ጊዜ የሚለመድ ነገር ነው።

ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያለው ትርጉም

የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለጉባኤ የሚሆን መዋቅር አላጡም። የተማሪዎች ፓርላማ፣ የሥነ ዜጋ ክበብ፣ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክበብና ሚኒ ሚዲያ በብዙ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። ችግሩ ያለው እነዚህ አካላት የሚወስኑት ነገር አነስተኛ በመሆኑ ላይ ነው። ፓርላማው ከአስተዳደሩ የወረደለትን መልእክት ለተማሪው የሚያደርስ ከሆነ፣ አባላቱ የሚማሩት መታዘዝንና ማስተላለፍን እንጂ መምራትን አይደለም።

በተማሪው ዕለታዊ ሕይወት ውስጥ ግን የአመራር ሥነ ምግባር ጥያቄዎች ሞልተዋል። መምህሩ በሌለበት የረባሾችን ስም እንዲጽፍ የታዘዘ የክፍል አለቃ የቅርብ ጓደኛውን ስም ይጽፋል ወይስ ይተዋል? በ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት በውጤቱ የተመረጠ የቡድን መሪ ደካማውን ያግዛል ወይስ የቤት ሥራውን ሠርቶ ይሰጠዋል? ከዚህ አልፎ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአዋቂው ዓለም ምን ዓይነት የሥልጣን ትርጉም እንደሚያስተላልፍ ተማሪው ሳያውቅ አይቀርም። ይህን ተረት አንሥቶ ያልተከራከረ የአመራር ጉባኤ፣ ተማሪው ከቤቱና ከመንደሩ ይዞት የመጣውን ትምህርት ሳይነካው ያሰናብተዋል።

ሁለት ባህላዊ ሁኔታዎች በዝግጅቱ ጊዜ ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው ታላቅን ማክበር ነው። መምህርና ርእሰ መምህር ከፊት ተቀምጠው ሳለ ተማሪው የተለየ ሐሳብ ማቅረብን እንደ ድፍረት ሊቆጥረው ይችላል። መፍትሔው አክብሮቱን ማፍረስ ሳይሆን መድረኩን ማስተካከል ነው፤ ውይይቱ በትንንሽ ቡድኖች ተጀምሮ የቡድን ሐሳብ ሆኖ ወደ ጉባኤው ሲመጣ ሸክሙ ከአንድ ተማሪ ጫንቃ ይወርዳል። ሁለተኛው ይሉኝታና የጓደኝነት ታማኝነት ነው። ጥፋትን መጠቆም «ነገር አቀባይ» ያሰኛል፤ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ጉባኤው እነዚህን እንደ ኋላ ቀርነት ቢኮንናቸው ተማሪው ዝም ብሎ ይሰማል፣ ዝም ብሎም ይሄዳል። ይሉኝታ ሰውን ላለማሳዘን የሚደረግ ጥንቃቄ ስለሆነ በውስጡ እውነተኛ እሴት አለ። የጉባኤው ሥራ ይህ እሴት ከፍትሕ ጋር ሲጋጭ ምን መደረግ እንዳለበት ማከራከር ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ፖለቲካዊ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የግብረ ገብ፣ በደርግ ዘመን የፖለቲካ፣ ከዚያም በኋላ የሥነ ዜጋ ትምህርት በየጊዜው ከመንግሥት አስተሳሰብ ጋር ተቆራኝተው ታይተዋል። በዚህ ምክንያት ተማሪውም መምህሩም በጥርጣሬ ሊያዩት የሚችሉት መድረክ ነው። መደምደሚያው አስቀድሞ የተጻፈ ጉባኤ ጥርጣሬውን ያጸናል። ተማሪዎች አዘጋጁ ያልጠበቀውን ውሳኔ የማሳለፍ ዕድል ከሌላቸው፣ ስብሰባው ጉባኤ መባሉ በስም ብቻ ይሆናል።

አንድ የጉባኤ ንድፍ

ከላይ የተነሡትን ነጥቦች በአንድነት ለማሳየት በፈተና ኩረጃ ላይ የሚያተኩር የአንድ ትምህርት ቤት ጉባኤ በምሳሌነት ይቀርባል።

ዝግጅቱ ከጉባኤው አራት ሳምንት ቀደም ብሎ በየክፍሉ ይጀመራል። በየሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ለአንድ አጣብቂኝ ውይይት ይመደባል። ለምሳሌ፦ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የፈተና መልስ በስልክ እየተሰራጨ መሆኑን ደርሳበታለች። የሚያሰራጨው ወላጆቹን በሞት አጥቶ ታናናሾቹን የሚያሳድግ የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ባለፈው ዓመት ታምማ በቀረችበት ጊዜ ማስታወሻውን እየሰጠ ከመድገም ያዳናትም እርሱ ነው። ብትናገር ከፈተናው ይሰረዛል፤ ዝም ብትል በሐቀኝነት የሚሠሩት ይጎዳሉ። ምን ማድረግ አለባት? ለማን ምን ዕዳ አለባት? እርሱን ሳታጋልጥ ድርጊቱን የምታስቆምበት መንገድ አለ? እያንዳንዱ ክፍል ምክንያቶቹን ጽፎ ሁለት ተወካዮች ይልካል። ከተወካዮቹ አንዱ በምርጫ፣ ሌላው በዕጣ ቢመረጥ የጥቂት አንደበተ ርቱዓን መድረክ ይሆናል የሚለው ትችት በከፊል መልስ ያገኛል፤ በውጤት ዝቅተኛ የሆኑትና በአደባባይ መናገር ያልለመዱት ተማሪዎችም ድርሻ ያገኛሉ። ተማሪዎች በሚቀናቸው ቋንቋ እንዲናገሩ መፍቀድም ከዚህ የማይተናነስ ነገር ነው።

ጉባኤው ሁለት ቀን ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን በኤቲክስ ቦውል ሥርዓት ክፍሎች አቋማቸውን ያቀርባሉ፤ አስተያየት ሰጪው ቡድን መቃወም አይገደድም፤ የመጨረሻ ደረጃና ዋንጫም የለም። የእንግዶች ንግግር ካለ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይበልጥም። በሁለተኛው ቀን ተወካዮቹ አንድ እውነተኛ ውሳኔ ያሳልፋሉ። ለዚህም አስተዳደሩ የትኛው ጉዳይ በተማሪዎች ሥልጣን ሥር እንደሚሆን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ይኖርበታል። ለምሳሌ በትምህርት ቤቱ ፈተናዎች አቀማመጥ እንዴት ይሁን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮረጀ ተማሪ ምን ዓይነት የማረሚያ ዕድል ይሰጠው፣ ደካማ ተማሪዎች ከፈተና በፊት ምን እገዛ ያግኙ የሚሉት ለተማሪዎች ሊተዉ የሚችሉ ናቸው። የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ክብደት አለው። ኩረጃን የሚከለክል ነገር ግን ደካማውን የማያግዝ ውሳኔ በጠንካሮች የተጻፈ ሕግ ነውና።

ከጉባኤው በኋላ ያሉት ስምንት ሳምንታት የአፈጻጸም ጊዜ ናቸው። ተወካዮች ውሳኔውን በየክፍላቸው ያስረዳሉ፣ ከጓደኞቻቸው የሚነሣባቸውን ተቃውሞ ይመልሳሉ፣ የእገዛ ክፍለ ጊዜዎችን ያስተባብራሉ፣ በአራተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ሪፖርት ያቀርባሉ። ሬስት ጽናት ያለው ነገር የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ነው። በአዳራሽ ያጨበጨበ ሁሉ በክፍሉ አይደግፍም። መሪነት ማለት ያን ቅዝቃዜ ተቋቁሞ ማስረዳት መሆኑን ተወካዩ በራሱ ላይ ያየዋል። ዝግጅቱና አፈጻጸሙ በድምሩ አሥራ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚወስዱም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1985ቱ ትንተና ከተመለከተው ልክ ውስጥ ይገባል።

የመምህሩ ድርሻ በዚህ ንድፍ ውስጥ አይቀንስም፤ ይከብዳል እንጂ። ሐሳብን ሳይጭን ጥያቄ ማንሣት፣ ዝም ያለውን ማናገር፣ የተሰደበውን መከላከል ልምምድ ይጠይቃል። የመምህራን ማሠልጠኛ ፕሮግራሞች ይህን ችሎታ እንደ አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ካልያዙት የንድፉ ደካማ ማሰሪያ እርሱ ይሆናል።

የግምገማ ጉዳይ

የተማሪዎች ጉባኤያት ብዙ ጊዜ የሚገመገሙት በመዝጊያው ዕለት በሚሞላ የእርካታ መጠይቅ ነው። እንዲህ ያለው መጠይቅ የመስተንግዶውን ጥሩነት ይናገራል፤ ስለ ሥነ ምግባር የሚናገረው ጥቂት ነው። የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች ሊሞሉት የሚችሉት ክፍተት ይህ ነው። አንደኛ፣ ጉባኤ ያካሄዱ ትምህርት ቤቶች ካላካሄዱ ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ጋር መነጻጸር ይኖርባቸዋል፤ ወደ ጉባኤ የሚላኩት ተማሪዎች ቀድሞውንም የተመረጡ ስለሚሆኑ ያለ ንጽጽር የሚገኝ ውጤት ያሳስታል። ሁለተኛ፣ መለኪያው በቅድመ ጉባኤና በመዝጊያው ብቻ ሳይሆን ከወራት በኋላም መደገም አለበት። ሦስተኛ፣ ተሳታፊው ብቻ ሳይሆን ወደ ጉባኤው ያልሄዱት የክፍሉ ተማሪዎች መጠናት አለባቸው፤ የቡድን ልማድ ተለውጧል የሚባለው በእነርሱ ላይ ሲታይ ነው። አራተኛ፣ ከውጭ የመጡ የሞራል ፍርድ መለኪያዎች እንዲሁ ተተርጉመው ከመሞላታቸው በፊት፣ ይሉኝታን፣ ታላቅ ማክበርንና የቤተ ዘመድ ግዴታን በአግባቡ የሚመዝኑ መሆናቸው ሊመረመር ይገባል።

የምርምር ሥነ ምግባሩም ጥንቃቄ ይሻል። ሃርትስሆርንና ሜይ እንዳደረጉት ልጆችን ሳያውቁ በፈተና ውስጥ ማስገባት በዛሬው መስፈርት በቀላሉ አይፈቀድም። ስለ ኩረጃ የሚሰበሰብ መረጃ ለቅጣት እንዳይውል ለተማሪው የሚሰጠው ዋስትና በተግባር መጠበቅ አለበት። ስለ ሐቀኝነት የሚያጠና ተመራማሪ ቃሉን ካልጠበቀ፣ ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው ከጥናቱ ርእስ ተቃራኒ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የተማሪዎች ጉባኤ ሥነ ምግባርንና አመራርን ማስተማር ይችላል፤ ነገር ግን በመሰብሰብ ብቻ አያስተምርም። የተነጻጸሩት ልምዶች እንደሚያሳዩት በድምፅ ብዛት ብቻ የሚያሸልም ጉባኤ ማሸነፍን ያስተምራል፤ ምክንያት መስጠትንና ማድመጥን የሚመዝን ጉባኤ አብሮ ማሰብን ያለማምዳል፤ እውነተኛ ውሳኔን በተማሪዎች እጅ የሚተው ሸንጎ ደግሞ የቡድንን ልማድ እስከ መለወጥ ሊደርስ ይችላል። ከጥናቶቹ የሚገኘው ሌላው ትምህርት የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ከበፊቱና ከኋላው የሳምንታት ሥራ የሌለው ጉባኤ ከበዓልነት አያልፍም።

ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ይህ ማለት አዲስ መዋቅር ከመፍጠር ይልቅ ላሉት ፓርላማዎችና ክበባት ጥቂት ነገር ግን እውነተኛ ሥልጣን መስጠት ማለት ነው። ርእሰ መምህሩ ከጉባኤው በፊት ሊመልሰው የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄም የመሪ ቃሉ አጻጻፍ ሳይሆን «ተማሪዎቹ የሚወስኑትን ለመፈጸም ዝግጁ ነን ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ አሉታዊ ከሆነ ጉባኤውን ማዘግየት ይሻላል፤ ቃሉ የማይጸና ጉባኤ የሚያስተምረው ቃል መጽናት እንደሌለበት ነውና።